መብራት ሲጠፋ የሚጫወቱት ጌም፦ የድሬዳዋ አንድ ጌም ቤት የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ በአጭሩ

ድሬዳዋ ከዚራ አካባቢ አንድ ጌም ቤት አለ። ባለቤቱ በእጅ የሚያዙ ትንንሽ ኮንሶሎችን አስመጥቶ አር ፒ ጂ የሚባሉትን ጌሞች ለሰፈሩ ልጆች ሊያስለምድ ሞከረ። መጀመሪያ ላይ ማንም ዞር ብሎ አላያቸውም። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ልጆቹ ተራ የሚይዙት ለእነዚያው ጌሞች ሆነ። በመሀል አዲስ ጌም አልተገዛም። ስክሪኑም ያው ነው። የተቀየረው አንድ ነገር ነው፦ ጨዋታው ሲቋረጥ ተጫዋቹ የሚያጣው ነገር።

እኔ እዚያው ሰፈር የኤሌክትሮኒክስ ጥገና እሠራለሁ። ነገሩን ከባለቤቱ ጋር አብረን ስለሠራነው በዝርዝር ላስቀምጠው ፈለግኩ። ጌም ቤት ላላቸው ይጠቅማል። ለልጆቻቸው ጌም ለሚገዙ ወላጆችም ይጠቅማል። ከሁሉም በላይ ግን በስልክ የሚሠራ ጌም ለመሥራት የሚያስቡ ወጣቶች ቢያነቡት ደስ ይለኛል። የሰዎቹን ስም ትቼዋለሁ።

መነሻው

ቤቱ ውስጥ ቴሌቪዥኖችና ፕሌስቴሽኖች አሉ። በሩ ላይ ጆተኒ ቆሟል። ክፍያው በጌም ነው፤ አንድ ግጥሚያ ኳስ ትጫወታለህ፣ ትከፍላለህ፣ የተሸነፈ ይነሳል። የድሬ ሙቀት መቼም የታወቀ ነው። ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላ ሱቁ ይዘጋጋል፤ ትልልቁ ሰው ጥላ ፈልጎ ያርፋል፤ ልጆች ደግሞ ጌም ቤቱን ይሞሉታል። በዚያ ሰዓት መብራት ከጠፋ የቀኑ ገበያ አለቀ ማለት ነው። ጆተኒው ብቻ ይቀራል።

ውጭ አገር የሚኖረው የባለቤቱ ወንድም ያገለገሉ የእጅ ጌሞች በሻንጣ ላከለት። ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ጌም ቦይ አድቫንስ ኤስ ፒ ነው፤ እንደ ቦርሳ የሚታጠፍ፣ ስክሪኑ 2.9 ኢንች። ሌላው የሶኒ ፒ ኤስ ፒ ነው፤ ስክሪኑ 4.3 ኢንች ነው። ሁለቱም በባትሪ ስለሚሠሩ መብራት ቢጠፋም ገቢው አይቆምም ብሎ አሰበ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር።

አብረው ከመጡት ጌሞች አብዛኞቹ አር ፒ ጂ ነበሩ። ለማያውቀው በአጭሩ ልንገር። በአር ፒ ጂ ተጫዋቹ አንድ ገጸ ባሕርይ ይዞ ከምንም ይነሳል። በየመንገዱ ይዋጋል፣ ልምድ ያጠራቅማል፣ ሌቭሉ ያድጋል፣ ታሪኩም አብሮት ይሄዳል። አብዛኞቹ ውጊያዎች በተራ ናቸው። አንተ ትመርጣለህ፣ ጌሙ ይመልሳል፣ እንደገና ትመርጣለህ። ፈጣን ጣት አያስፈልግም። ሰው ቢጠራህ ቀና ብለህ ብታወራ ጠላቱ ቆሞ ይጠብቅሃል። ለዚህ ነው ይህ ዓይነት ጌም ከትንሽ ስክሪን ጋር ገና ከጥንት የተስማማው። በጃፓን ዘውጉን በሰፊው ያስተዋወቀው ድራገን ክዌስት በ1986 ለቤት ኮንሶል ወጣ። ጌም ቦይ በ1989 ሲመጣ ደግሞ ስኩዌር የተባለው ኩባንያ በዚያው ዓመት ሳጋ የሚባለውን አር ፒ ጂ አወጣለት። ሳጋ ላይ ከውጊያ ውጭ በየትኛውም ቦታ ሴቭ ማድረግ፣ ማለትም የደረሱበትን መዝግቦ ማቆየት፣ ይቻላል። የሠሩት ሰዎች ተጫዋቹ ሶፋ ላይ እንዳልተቀመጠ ገብቷቸዋል።

ችግሩ

ልጆቹ ፒ ኤስ ፒውን ለኳስና ለመኪና ውድድር ተሻሙበት። አር ፒ ጂውን ግን ከፍተው በደቂቃዎች ውስጥ መለሱት። አንዱ ልጅ ያለው አይረሳኝም፦ «አቦ፣ ይሄ ንባብ ነው እንጂ ጌም ነው እንዴ?»

ባለቤቱ ስዕሉ ስላረጀ ነው ብሎ ደመደመ። ልጆቹ ቴሌቪዥን ላይ ላብ የሚታይበት ኳስ ተጫዋች ለምደዋል፤ ይሄ የጉንዳን ያህል ሰው ምን ይመስላቸዋል አለ። ኤስ ፒዎቹን እዚሁ ድሬ ያለው ታይዋን ገበያ ወስዶ ሊሸጣቸውም ተነሳ። ከመሸጥህ በፊት ልጆቹ በትክክል የት ላይ እንደሚያቆሙ ቁጭ ብለን እንይ አልኩት። እሺ አለ።

ምክንያቱን ፍለጋ

ብዙ ያየነው ፖኬሞን ፋየርሬድ ላይ ነው፤ ተጫዋቹ ልዩ ልዩ ምናባዊ እንስሳት እየያዘ የሚያዋጋበት አር ፒ ጂ ነው። ይህ ጌም እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ ሲሆን የመጀመሪያው የ1996 ፖኬሞን ታድሶ የተሠራ ነው። ሲጀመር አንድ ሽማግሌ ምሁር ያወራል። ስም ታስገባለህ። ከቤት ትወጣለህ፣ ትመለሳለህ፣ እንደገና ታወራለህ። የመጀመሪያውን እንስሳ መርጠህ የመጀመሪያውን ውጊያ እስክታደርግ፣ እንግሊዝኛ ቀስ ብሎ ለሚያነብ ልጅ አሥር ደቂቃ አካባቢ ይፈጃል። ባለቤቱ የሚያከራየው ደግሞ በሩብ ሰዓት ነበር። ልጁ ገና ሊጣፍጠው ሲል ሰዓቱ ያልቃል። ቢጨምር እንኳ በማግስቱ ሌላ ልጅ ይዞታል።

ከዚህ የባሰ ግን ሴቩ ነው። የፋየርሬድ ካሴት የሚይዘው አንድ ሴቭ ብቻ ነው። ሌላ ልጅ አዲስ ጨዋታ ጀምሮ ሴቭ ካደረገ የፊተኛው ይጠፋል። ጌሙ ያስጠነቅቃል፤ ማስጠንቀቂያውን የሚያነበው ግን የለም። አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ በትዕግሥት ሄዶ ሄዶ የጀመረበትን ቻርማንደር ሌቭል 16 አድርሶ ነበር። በዚያ ሌቭል ቻርማንደር ወደ ቻርሜሊየን ይለወጣል። ልጁ ያን ቀን ጮኾ ሰፈሩን ነው የጠራው። በማግስቱ ሲመጣ ካሴቱ ላይ ያለው የሌላ ሰው ጨዋታ ነው። «ቻርሜሊየኔስ?» አለ። መልስ አልነበረንም።

ሦስተኛው ምክንያት ከጥገና ጠረጴዛዬ ላይ የተገኘ ነው። ከገበያ ተጨማሪ ካሴት ተገዝቶ ነበር፤ ማንም ሳይነካውም ሴቩ ይጠፋል። ስከፍተው ፎርጅድ ነው። ዋናው የፋየርሬድ ካሴት ሴቩን የሚይዘው ባትሪ በማይፈልግ ፍላሽ ሜሞሪ ነው። ፎርጅዱ ውስጥ ግን ትንሽ ክብ ባትሪ ተበይዳለች። እሷ ስትሞት ሴቩም አብሮ ይሞታል። ልጆቹ ይህን አያውቁም። የሚያውቁት፣ የደከሙበት ነገር እንደማይቆይ ነው።

ስለ ስዕል ቅሬታ ያቀረበ ግን አልነበረም። ይህን ባለቤቱም አስተዋለ።

የወሰድናቸው እርምጃዎች

መጀመሪያ የኪራዩ መለኪያ ተቀየረ። አር ፒ ጂ በሩብ ሰዓት መከራየቱ ቀረና በሳምንት ሆነ። አንድ ካሴት ለአንድ ልጅ ይሰጣል፤ ጀርባው ላይ ስሙ የተጻፈበት ፕላስተር ይለጠፋል። ልጁ መጥቶ ቤቱ ውስጥ ይጫወታል፤ ወላጅ መያዣ ካስያዘ ወደ ቤት ይዞ ይሄዳል። ሳምንቱ እስኪያልቅ ሌላ ሰው አይነካውም። ባለቤቱ መጀመሪያ ላይ ገቢዬ ይቀንሳል ብሎ ሰግቶ ነበር። ስጋቱ ምክንያታዊ ነበር፤ ያኔ ግን ከእነዚህ ኮንሶሎች የሚያገኘው ገቢ ጨርሶ አልነበረም።

የፎርጅዶቹን ባትሪ በአዲስ ቀየርኩ። የፒ ኤስ ፒው ነገር ቀላል ነበር። ሴቩ ሜሞሪ ካርድ ላይ በየራሱ ፎልደር ስለሚቀመጥ የእያንዳንዱን ልጅ ሴቭ ኮምፒውተር ላይ ገለበጥነው። ቢጠፋ ይመለስለታል።

የመጀመሪያውን አሥር ደቂቃ ለመቋቋም ባለቤቱ አዲስ ልጅ ሲመጣ አብሮት ይቀመጥ ጀመር። የሽማግሌውን ንግግር በአማርኛ ያሳጥርለታል። ሦስቱን እንስሳት ያሳየዋል። ውሃ እሳትን፣ እሳት ሣርን፣ ሣር ውሃን ይበልጣል፤ ልክ እንደ መቀስ፣ ወረቀት፣ ድንጋይ። ይህን የያዘ ልጅ ቀሪውን በራሱ ይደርስበታል።

ሴቲንጉም ላይ ሠራን። ፋየርሬድ የጽሑፍ ፍጥነት ምርጫ አለው፤ የውጊያውን አኒሜሽን ማጥፋትም ይቻላል። ሁለቱን ስናስተካክል አንድ ውጊያ በጣም ያጥራል። አኒሜሽኑን ግን ገና ለጀመረ ልጅ አላጠፋንበትም። እሳቱ ሲወጣ፣ ውሃው ሲረጭ ማየት ይፈልጋል፤ ያ የሱ ደስታ ነው። ማውንት ሙን የሚባለው ዋሻ ውስጥ ገብቶ በየእርምጃው የሌሊት ወፍ ሲያስቸግረው፣ ያን ጊዜ አጥፉልኝ ብሎ ራሱ ይመጣል። ሪፔል የሚባለው ዕቃ ደካማ እንስሳትን እንደሚያርቅም የምንነግረው እዚያ ላይ ነው። አስቀድሞ ቢነገረው አይሰማም።

የሠራው

የሳምንቱ ኪራይ ሁሉንም ቀየረ። ልጆቹ «ስንት ደቂቃ ቀረኝ?» ማለት ተዉ። ጨዋታውን ለአፍታ ትቶ መመለስ እንደሚቻል ሲገባቸው አጨዋወታቸውም ተለወጠ። ይህን በደንብ ያየሁት በሁለት ሰዎች ላይ ነው።

አንዷ የባለቤቱ ታናሽ እህት ናት፤ የ8ኛ ክፍል ተማሪ። ከሰዓት በኋላ መጋላ ውስጥ የእናቷን ሱቅ ትጠብቃለች። ደንበኛ በማይኖርበት ሰዓት ኤስ ፒዋን ታወጣለች። ሰው ሲመጣ ሴቭ አድርጋ ታጥፈዋለች። ፋየርሬድ ከውጊያ ውጭ በየትም ቦታ ሴቭ ስለሚደረግ ሰከንዶች ነው የሚፈጅባት። እናቷ መጀመሪያ ላይ «ሰው ቆሞ እያየሽ!» እያሉ ይቆጧት ነበር። በኋላ ልጅቷ ሳትነጫነጭ ብድግ እንደምትል ሲያዩ ተዉት። ቴሌቪዥን ላይ ኳስ የያዘውን ወንድ ልጅ በመሀል አስነስተውት ያውቃሉና ልዩነቱ ታይቷቸዋል።

ይህ ጌም አንድ የምወደው ነገር አለው። ትተኸው ቆይተህ ስትከፍተው ቀጥታ መንገድ ላይ አይጥልህም። መጨረሻ ላይ የት እንደነበርክ፣ ማንን እንዳሸነፍክ፣ ምን እንደያዝክ በአጭር በአጭሩ ያሳይሃል። ልጅቷ ስለዚህ ስታወራ «ጋሼ፣ እኔ ብረሳ እሱ አይረሳም» አለችኝ። የእጅ አር ፒ ጂ ለምን ደስ ይላል ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ካለ ከዚህ አባባሏ የተሻለ መልስ የለኝም።

ሌላው ባጃጅ ነጂ ነው። ለገሃር አካባቢ ተራ ይጠብቃል። እሱ የያዘው ፒ ኤስ ፒ ላይ ያለውን የ2007 ክራይሲስ ኮር ነው። ይህ ጌም ከዋናው ታሪክ ጎን 300 አጫጭር ተልዕኮዎች አሉት፤ ብዙዎቹ በጥቂት ደቂቃ ያልቃሉ። ተራው እስኪደርስ አንድ ይጨርሳል። ተሳፋሪ ከመጣ የፒ ኤስ ፒውን ማብሪያ ወደ ላይ ገፋ ያደርጋታል፤ ማሽኑ ባለበት ይተኛል። ሰውየውን ሳቢያን አድርሶ ሲመለስ ውጊያው እዚያው ነው። ታሪኩን ግን ማታ ቤቱ ሆኖ ነው የሚጫወተው፤ ረጅም ትዕይንት ስለሚበዛበትና ሴቩ በተወሰኑ ቦታዎች ላይ ብቻ ስለሚገኝ። አንድ ጌም ለሩብ ሰዓትም ለሦስት ሰዓትም የሚሆን ነገር ሲይዝ እንዲህ ነው የሚጠቅመው።

ኬብሉም ከጠበቅነው በላይ ሠራ። ሁለት ኤስ ፒ በኬብል ተያይዘው እንስሳት ይለዋወጣሉ። ካዳብራ የሚባለው ወደ አላካዛም የሚለወጠው ሲለዋወጡት ብቻ ነው። ስለዚህ ብቻውን ጥግ ይዞ ይጫወት የነበረ ልጅ ሰው መፈለግ ግድ ሆነበት። መብራት በጠፋ ቁጥር ቤቱ ባዶ መሆኑ ቀርቶ ልጆቹ በሩ ላይ ጥላው ሥር ተደርድረው ሲከራከሩ ታገኛቸዋለህ።

ያልሠራው

ባለቤቱ የጌሙን ታሪክ በአማርኛ አስተርጉሞ በወረቀት አሳትሞ ነበር። ማንም አላነበበውም። ወረቀቱ ጎን ላይ ነው፣ ጌሙ እጅ ላይ ነው፤ ዓይን አይመላለስም። በምትኩ የሠራው ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የቃላት ዝርዝር ነው። አታክ፣ ዲፌንስ፣ ስፒድ፣ ፖይዝን፣ ኢፌክቲቭ። ጌሙ ውስጥ የሚደጋገሙት ቃላት በጣም ጥቂት ናቸው። ልጆቹ ከሥሩ በኦሮምኛና በሶማሊኛ ጨመሩበት። የድሬ ልጅ መቼም በአንድ ቋንቋ አይወሰንም።

ሁለተኛው ያልተሳካው ነገር ብዙ ያስተማረን ነው። ጅማሬው ይሰለቻል ብለን አንድ ካሴት ላይ ሩቅ የደረሰ፣ ጠንካራ ቡድን ያለበት ሴቭ አዘጋጀን። አዲስ ልጅ ከዚያ ይጀምር ተባለ። ልጆቹ ያገኙትን ሁሉ በአንድ ምት አሸነፉ። ወዲያው ደግሞ መለሱት። እንስሳቱን አያውቋቸውም፤ ስማቸውን አላወጡም፤ ሲሸነፉ አላዩአቸውም። ሌቭል 50 ለራሱ ምንም ጣዕም የለውም። ጣዕሙ ትናንት ያሸነፈህን ዛሬ ስታሸንፈው ነው። የጌሙ ሠሪዎችም ይህን አስበውበታል። አንድ ታላቅ ወንድም ለታናሹ ኃይለኛ እንስሳ በኬብል ሰጠው፤ እንስሳው አልታዘዝም አለ። በልውውጥ የመጣ ትልቅ ሌቭል ያለው እንስሳ ተጫዋቹ በቂ ባጅ፣ ማለትም የጂም አለቃ የሚባሉትን ጠንካራ ተፋላሚዎች ሲያሸንፍ የሚሰጠውን ምልክት፣ እስኪያገኝ ድረስ አይታዘዝም። ታናሹ አለቀሰ፤ ግን ወደራሱ እንስሳት ተመለሰ።

ብሮክ የሚባለው የመጀመሪያው የጂም አለቃም ብዙ ልጆችን አባሯል። እንስሳቱ የድንጋይ ናቸው፤ እሳቱን ቻርማንደር የመረጠ ልጅ ይቸገራል። እዚህ ላይ እኔና ባለቤቱ አልተስማማንም። እሱ ልጆቹን ሣሩን ቡልባሶር ምረጡ ማለት ፈለገ። እኔ ግን ይመረር አልኩ። ቻርማንደር ሌቭል 13 ሲደርስ ድንጋይን የሚጎዳ የብረት ጥፍር ይማራል። ያን የሚያውቅ ታላቅ ልጅ አጠገቡ ካለ ትንሹ ሄዶ ሠርቶ ይመለሳል። ሲሸነፍም ያገኘው ልምድ አይጠፋበትም፤ ከገንዘቡ ብቻ ይቀነሳል። ብቻውን የተጫወተ ልጅ ግን እዚያ ላይ ትቶታል፤ ያን አልክድም።

ድምፁን ልንፈታው አልቻልንም። የአር ፒ ጂ ሙዚቃ ግማሽ ነፍሱ ነው፤ ጌም ቤቱ ውስጥ ግን የጆተኒው ጩኸት ያይላል። ኤስ ፒ ደግሞ የተለመደው የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ የለውም፤ የራሱ ማገናኛ ያስፈልገዋል፤ ያን ድሬ ውስጥ አላገኘነውም። የፒ ኤስ ፒ ስክሪን ፀሐይ ላይ አይታይም። ሙቀቱም ባትሪውን ጎድቶታል፤ ባጃጁ ፊት ለፊት ፀሐይ ላይ የተረሳው ባትሪ አብጦ መጣል ግድ ሆነ። አሁን ቻርጅ የሚደረገው ማታ ነው።

ቻርሜሊየን የጠፋበት ልጅ አልተመለሰም። ባለቤቱ ሁለት ጊዜ አስጠርቶት ነበር።

ለሌላው የሚተርፈው

ጌም ቤት ያለው ሰው ከዚህ የሚወስደው የክፍያውን መለኪያ ነው። ኳስ በግጥሚያ ይለካል። አር ፒ ጂ ግን ግጥሚያ የለውም፤ በደቂቃ ከለካኸው ገና ሳይጀመር ታስቆመዋለህ።

ያገለገለ ካሴት የሚገዛ ወላጅ ከመክፈሉ በፊት ሻጩ ፊት ሴቭ ያድርግ፣ ያጥፋ፣ ካሴቱን ነቅሎ ይሰካ፣ ያብራ። ይህ ፈተና ባትሪዋ ጨርሶ የሞተችውን ይይዛል። ልትሞት የተቃረበችውን ግን አይይዝም፤ ለእሷ ካሴቱን መክፈት ያስፈልጋል። ልጁን ተነስ ከማለቱ በፊት ደግሞ ሴቭ ለማድረግ ግማሽ ደቂቃ ይስጠው። ቤት ውስጥ ከሚነሳው ጭቅጭቅ ብዙው እዚህ ግማሽ ደቂቃ ላይ ነው።

ጌም ለሚሠሩ ወጣቶች የምለው ይበዛል። ስዕል ላይ ወራት ከማጥፋታችሁ በፊት የመጀመሪያውን ውጊያ ወደ ፊት አምጡት። ንግግሩን በኋላ በትንሽ በትንሹ ስጡ። የጽሑፍ ፍጥነት ምርጫ ይኑረው። ተሸንፎ የሚመለስ ተጫዋች ባዶ እጁን አይመለስ። ትቶት የቆየ ሰው ሲመለስ የት እንደነበረ ንገሩት፤ በአማርኛ ቢሆን ደግሞ እንዴት ደስ ይላል። ሴቩን ለተጫዋቹ ብቻ አትተዉት። ስልክ ላይ በመሀል ጥሪ ይገባል፤ ተጫዋቹ ሲያወራ አንድሮይድ ሜሞሪ ሲያጥረው ከኋላ ያለውን ጌም ሊዘጋው ይችላል። ስለዚህ ጌሙ ከስክሪኑ ላይ በተነሳ ቅጽበት፣ ውጊያ መሀል እንኳ ቢሆን፣ ራሱ ይመዝግብ። ይህን ለመፈተን ቀላል መንገድ አለ፦ ጓደኛችሁ ውጊያ ላይ እያለ ደውሉለት፣ ካወራችሁ በኋላ ጌሙን ከጀርባ ዝጉትና እንደገና ክፈቱት።